ስለ አያታችሁ አልበም ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ ስለ ሥራቸው ጠይቁ

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ስለ እናቴ አልበም መሥራት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» አንዱ ስለ አባቱ ነው፣ አንዷ ስለ አክስቷ። እኔ ስለ አያቴ ዘጠኝ ዘፈን ያለው አልበም ቤቴ ቁጭ ብዬ ቀርጬ ስለጨረስኩ አዋቂ መስያቸዋለሁ። አዋቂ አይደለሁም። ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ የባከነ ነው። ለምን እንደባከነ ግን አሁን ገብቶኛል፤ ስለዚህ ለሦስቱም በየተራ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

በስሙ እንስማማ መጀመሪያ። ኢንዲ ፎልክ ስል ጊታር ወይም ክራር፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ከበሮ እምብዛም የሌለበት፣ ስቱዲዮ ሳይሆን መኝታ ቤት መኝታ ቤት የሚል ሙዚቃ ማለቴ ነው። ኮንሴፕት አልበም ደግሞ ዘፈኖቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲደመጡ አንድ ነገር የሚያወሩበት። ለእኛ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ አዝማሪው የአንድ ሰው ነገር ከያዘ ሌሊቱን ሙሉ ሊያስኬደው ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ሰውየው ጀግና መሆን የለበትም። እንዲያውም ባይሆን ይሻላል።

ሙሉ ሕይወት አይገባም፣ አትሞክሩት

አባባ (አያቴን ቤት ውስጥ የምንጠራቸው እንዲያ ነው) የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ድሬዳዋ። ከጎረምሳነት እስከ ጡረታ። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ደረሰ፤ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደ ከተማዋ ታች ሜዳው ላይ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 1917 ፈጅቷል። ለገሀር የምንለው ያው የፈረንጆቹ «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያው ማለት። አባባ ይሄን በየሄድኩበት ይነግሩኛል፣ እኔም በየሄድኩበት እንደ አዲስ እገረማለሁ።

እና እኔ ሞኟ ምን አደረግኩ፣ ይሄን ሁሉ ልዘፍነው ተነሳሁ። አንደኛው ዘፈን ሐዲዱ ሲዘረጋ፣ ሁለተኛው አባባ ሲወለዱ፣ ሦስተኛው ሥራ ሲቀጠሩ፣ አራተኛው ሰርግ... አሥራ አራት ዘፈን ደረሰ። አንድ ጓደኛዬን ቁጭ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አሰማሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ሲያልቅ «አሪፍ ነው፤ ፈተናው መቼ ነው?» አለኝ። ለሦስት ቀን አኮረፍኩት። ልክ ነበር ግን።

ከዚያ በኋላ ነው ሱፍያን ስቲቨንስ የሚባለውን አሜሪካዊ ሙዚቀኛ በደንብ የሰማሁት። እናቱ ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 «ኬሪ ኤንድ ሎዌል» የሚል አልበም አወጣ፤ ኬሪ እናቱ ናት፣ ሎዌል እንጀራ አባቱ። 11 ዘፈን ነው። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ትታቸው ሄዳለች፤ ከእሷ ጋር ብዙም አልኖረም፣ ልጅ ሆኖ ኦሪገን ሄዶ ያሳለፋቸው ጥቂት ክረምቶች አሉ፣ አልበሙም ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው እነሱ ላይ ነው። ሙሉ ታሪኳን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ከበሮም የለውም ማለት ይቻላል። ይሄን ስሰማ አሥራ አራቱንም ዘፈን አንድ ፎልደር ውስጥ ከትቼ «መጋዘን» ብዬ ሰየምኩትና ዘጋሁት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጥበብ ነው። አንድ ወቅት፣ ወይም አንድ ቤት፣ ወይም ሰውየው ደጋግመው የሚያደርጉት አንድ ነገር ፈልጉ። እኔ ያገኘሁት ሰዓት ነው። የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሰው ማመላለሱን ያቆመው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር በሌላ ሐዲድ፣ ከሌላ ጣቢያ ነው የሚሄደው። አባባ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ማታ ማታ፣ የመንገደኛው ባቡር ይገባበት በነበረ ሰዓት፣ ተነስተው ቆመው የእጅ ሰዓታቸውን ይሞላሉ። በቃ። አልበሙ ያቺ አንዲት ማታ ሆነች፤ ዘፈኖቹ ደግሞ በሐሳብ የሚያልፉባቸው ጣቢያዎች፦ ድሬዳዋ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ሞጆ፣ ለገሀር። የእናንተዋ ሰው ባልትና ነጋዴ ከሆነች ጣቢያ አያስፈልጋችሁም፤ ሚዛን ይበቃል።

ስለ ስሜት አትጠይቁ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይሄን አትዝለሉ።

በመጀመሪያው ዓመት አባባን እንደ ጋዜጠኛ ነበር የምጠይቃቸው። «በሕይወትዎ የማይረሱት ቀን የትኛው ነው?» መልስ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ጥሩ ነበር።» «ባቡሩ ሲቆም ምን ተሰማዎት?» መልስ፦ «ምን ይደረጋል።» የእኛን አገር ሽማግሌ ስሜቱን በቀጥታ ጠይቆ ያገኘ ካለ ይንገረኝ። የስድስት ሰዓት ቅጂ አለኝ፤ ከስድስቱ ሰዓት አምስቱ ምስጋና ነው።

የተከፈተልኝ በአጋጣሚ ነው። ግድግዳው ሚስማር ላይ ትልቅ የብሎን መፍቻ ተሰቅሏል፤ ዕድሜ ልኬን አይቼው ጠይቄ አላውቅም። «ይሄ የምን መፍቻ ነው አባባ?» አልኳቸው። አርባ ደቂቃ። ተነስተው አወረዱት፣ እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ያስተማራቸው ሰው እንዴት በጥፊ እንዳላቸው፣ ያ ሰው በኋላ ሲታመም ማን እንዳስታመመው። ስለ ስሜታቸው አንድም ቃል አልተናገሩም፣ እኔ ግን ስሰማ እንባዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ የምጠይቀው ስለ ሥራ ብቻ ሆነ። በስንት ሰዓት ይነሱ ነበር? ምን ለብሰው? ቁልፉ የት ነበር የሚቀመጠው? እጅዎ ምን ምን ይሸት ነበር? ደመወዝ ቀን መጀመሪያ የሚገዙት ምን ነበር? አንድ ቀን ደግሞ «ቤት ሆነው ባቡሩን ሳያዩት የተጫነ ይሁን ባዶ ያውቁ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። «ባዶው ፉርጎ ሲያልፍ ሲኒው ነው የሚንጫጫ። የተጫነው ሲያልፍ መሬቱ ይርዳል፣ ሲኒው ዝም።» ይቺን አንዲት ነገር ያለ ምንም ጌጥ የሦስተኛው ዘፈን አዝማች አደረግኳት። እኔ ብቀመጥ ዓመት ሙሉ አላመጣትም።

ትልልቅ የታሪክ ነገሮች ላይም እንዲሁ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የመንገደኛ ባቡር ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል፤ በአፍሪካ ከደረሱ የባቡር አደጋዎች እጅግ አስከፊ ከሚባሉት ነው። ስለ ምድር ባቡር አልበም ሠርቶ ይሄን መዝለል አይቻልም፤ ስለሱ መዝፈንም ያስፈራል። አባባን አደጋውን አልጠየቅኳቸውም። «ያን ሳምንት ሥራ እንዴት ነበር?» ነው ያልኩት። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ (ዝምታውን አትሙሉት፣ እባካችሁ፣ ትንሽ ታገሱ)። ከዚያ «ያን ሳምንት ሻይ ቤቱ ከማንም ሒሳብ አልተቀበለም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። «አዋሽ» የሚለው ዘፈን ስለ ሻይ ቤት ነው። ገደል የሚል ቃል የለበትም።

ስለ አቀራረጹ ጥቂት። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር ቦምብ የፈነዳ ይመስላል። ነጠላ ወይም ፎጣ አጣጥፋችሁ እሱ ላይ አድርጉት። ቡና ይፈላ፣ ግን አቦል ላይ ወሬ አትጀምሩ፤ ጎረቤት አለ፣ ስኒ ይንቃጨላል፣ ሰው ሁሉ ይጫወታል። ቶና ላይ ረጋ ይላል። እውነተኛው ነገር የሚመጣው በረካ ላይ፣ ሰው ሲበተን ነው። ስትጨርሱ ማንም ሳያወራ ሁለት ደቂቃ ክፍሉን ብቻ ቅረጹ፤ በኋላ ንግግሩን ስትቆርጡ ክፍተቱን የምትሞሉት በሱ ነው። ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ አታርሟቸው። ካረማችኋቸው ቀሪውን ሰዓት እየተጠነቀቁ ነው የሚያወሩት።

ዋሽንግተን ወይም ጅዳ ሆናችሁ በስልክ የምትጠይቁ ደግሞ የደወላችሁበትን ጥሪ አትቅረጹ፣ ድምፁ ተጨምቆ ነው የሚደርሳችሁ። እዚያ ቤት ያለ የአጎት ልጅ በራሱ ስልክ መቅረጫ ይቅረጽ፣ በቴሌግራም ሲልክም እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው። ለአጎት ልጁ ካርድ መሙላት አትርሱ።

«አንቱ» ወይስ «አንተ»?

ቅጂውን ሁሉ በእጅ ጻፉት። አሰልቺ ነው፣ አቋራጭ የለውም። የሚናገሩትን እንደተናገሩት ጻፉ፣ አታስተካክሉት። የድሬ አማርኛ ውስጥ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ፈረንሳይኛው፣ «አቦ»ው ሁሉ አለ፤ ያንን ወደ ዜና አማርኛ ብትቀይሩት ሰውየው ከዘፈኑ ወጥተው ይሄዳሉ።

ከዚያ ግጥም። የመጀመሪያው ዓመት ግጥሜ ይሄን ይመስል ነበር፣ ሳቁ፦

የኔ አያት ጀግና የባቡር አንበሳ፣
ስምህ ሲጠራ ነው ልቤ የሚነሳ።

ስድስት ስድስት ቀለም ነው (ቀለም የቃሉ አንድ ምት ነው፤ «ባ-ቡ-ሩ» ሦስት ቀለም ነው)፣ የወል ቤት የሚባለው ልክ፣ ቤቱም ይመታል። ግን ስለ ማንም ሰው ሊሆን ይችላል። «የባቡር» የሚለውን «የጎንደር» ብትሉት የሌላ ሰው አያት ይሆናል። መፈተኛው ይሄ ነው፦ ስሙን ወይም ሙያውን ቀይራችሁ ግጥሙ ካልተበላሸ ጣሉት። ከብዙ ወራት በኋላ የመጣው ደግሞ ይሄ ነው፦

ሰዓቱን ይሞላል ማታ ማታ ቆሞ፣
ባቡሩ ላይመጣ ነገ ሆነ ከርሞ።

ያው ስድስት ስድስት ነው። ምስጋና የለውም፣ ለቅሶም የለውም። እዚህ ላይ ግን ሌላ መዘዝ መጣ። አክስቴ ሰማችውና «አባቴን ‹ይሞላል› ትይዋለሽ? ማን አሳደገሽ?» አለች። እውነቷን ነው፤ በሕይወቴ አባባን አንተ ብዬ አላውቅም። እንግሊዝኛ የሚዘፍኑት ይሄ ጭንቀት የለባቸውም፣ እኛ ግን በእያንዳንዱ ግሥ ላይ መወሰን አለብን። ችግሩ «ሰዓቱን ይሞላሉ» ስትሉ ሰባት ቀለም ይሆናል፣ ዜማው ላይ ይደናቀፋል። ስለዚህ እንደገና ሞከርኩ፦

ሰዓት ይሞላሉ ማታ ማታ ቆመው፣
ባቡሩ ላይመጣ ሁሌ ደግመው ደግመው።

ቀለሙ ይገጥማል፣ አክብሮቱም አለ፣ ግን «ነገ ሆነ ከርሞ» ሄደች። እሷን ማጣት አልቻልኩም። በመጨረሻ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ አባባን ፊት ለፊት የማናግርባቸው ዘፈኖች ላይ አንቱ፤ ከሩቅ ሆኜ፣ እንደ አንድ ባቡር የሚጠብቅ ሰው የማይባቸው ላይ እሱ። አልበሙ ውስጥ ሲሄድ ሲሄድ ከ«እሱ» ወደ «እርስዎ» ይቀርባል። አክስቴ ቤት ስዘፍን ግን «ይሞላሉ» የሚለውን ነው የምዘፍነው። ሰላም ይሻላል።

ሰምና ወርቅ? አትጨነቁለት። ሐዲድ፣ ፍሬን፣ ጣቢያ የሚሉ ቃላት ራሳቸው ሁለት ትርጉም ይዘው ነው የሚመጡት፤ እናንተ ስትጨምሩበት ይበዛል።

ዜማና ጊታር

አራቱን ቅኝቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ለእንዲህ ዓይነት አልበም ሰው ሁሉ ዘሎ ትዝታ ላይ ይወጣል፣ እኔም ወጥቻለሁ። ዘጠኙም ዘፈን ትዝታ ከሆነ ግን አራተኛው ላይ አድማጭ ይተኛል። እኔ አምስቱን ትዝታ፣ ሦስቱን ባቲ አድርጌ «አዋሽ»ን ብቻ በአንቺሆዬ ሠራሁት። አንቺሆዬ ጆሮ ላይ የሆነ የማይመች ነገር አለው፣ ያን ዘፈን ደግሞ ማንም ተመችቶት እንዲሰማው አልፈለግኩም።

ጊታር የምትጫወቱ ከሆነ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። በተለመደው ኮርድ (አንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች) ትዝታን ስታጅቡ ከቅኝቱ ውጪ የሆኑ ድምፆች ይገባሉ፣ ዘፈኑም የሆቴል ባንድ ይሆናል። የገመዶቹን ቃና ቀይሩ። ከወፍራሙ ጀምራችሁ ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ፋ ዲየዝ (ግማሽ ከፍ ያለ ፋ)፣ ላ፣ ሬ እንዲሆኑ አድርጉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወፍራም ገመድ ባሉበት ይቆያሉ፤ ቀሪዎቹ አራቱ ዝቅ ይላሉ እንጂ አንዱም አይወጠርም፣ ስለዚህ ገመድ ይበጠሳል ብላችሁ አትፍሩ። አሁን ትዝታን ከሬ ብትጀምሩት ሬ፣ ሚ፣ ፋ ዲየዝ፣ ላ፣ ሲ ነው፤ ባዶ የምትመቷቸው ገመዶች ሁሉ እዚያው ቅኝት ውስጥ ናቸው። በአውራ ጣት ወፍራሙን ሬ እያስጮሃችሁ በሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ብትነካኩ ክራር ክራር ይላል። ለሐዘነኛው ትዝታ ፋ ዲየዟን ግማሽ ዝቅ አድርጓት፣ ፋ ትሁን፤ ሲንም በጣታችሁ ግማሽ ዝቅ ብላችሁ ያዟት። ድምፃችሁ እዚያ ካልደረሰ ካፖ (የጊታሩን አንገት ቆንጥጦ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው መያዣ) አለላችሁ።

እውነተኛ ክራር ካገኛችሁ ግን ጊታሩን ተዉት። እኔ አላገኘሁም ማለት አይደለም፣ አልቻልኩበትም።

ምት ላይ ከበሮ አልተጠቀምኩም። አባባ ጣታቸውን ጠረጴዛ ላይ እየመቱ ባቡሩ የሐዲዱን መጋጠሚያ ሲያልፍ እንዴት እንደሚል አሳዩኝ፤ ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ እረፍት፣ እንደገና ሁለት። ያንን ቀርጬ አራት ዘፈን ላይ ደጋገምኩት። አንዳንዱ ቦታ ጣታቸው ይዘገያል፣ አላስተካከልኩትም።

ቀረጻው

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ገንዘብ ያጠፋል። እኔ ያለኝ አንድ የመድረክ ማይክ፣ ባለ ሁለት መሰኪያ ትንሽ የድምፅ ካርድ፣ አሮጌ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ነው። ሪፐር የሚባለው የመቅረጫ ፕሮግራም ርካሽ ነው፤ እሱም ከከበደ ኦዳሲቲ በነፃ አለ። የቀረጻውን ጥራት 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጉት። ድምፁ ሲጮህ መለኪያው ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ፤ ዜሮን ከነካ የተቀረጸው ይበላሻል፣ መመለሻም የለውም። የጊታሩን ማይክ ቀዳዳው ፊት አትደቅኑት፣ ጉም ጉም ይላል። አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት በኩል ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር አርቁት። ለድምፅ ደግሞ በሩ የተከፈተ ቁም ሣጥን፣ ውስጡ ልብስ፣ ከኋላችሁ ሁለት ጋቢ። ከዚህ የተሻለ ስቱዲዮ ቤት ውስጥ የለም።

ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቅረጽ አይቻልም፣ ልፋት ብቻ ነው። እኔ ሐምሌን ሙሉ ዝናብ እስኪያባራ ጠብቄያለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ ዝናቡን ራሱን ቀረጽኩት፣ እሱም የስምንተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ገባ። ውሻ፣ ቅዳሴ፣ አዛን፣ የጎረቤት ጀነሬተር፦ ሰዓታቸውን እወቁና በመሃል ግቡ። የእኛ ሰፈር ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ነው ጸጥ የሚለው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ላፕቶፑ ሁሌ የተሞላ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ሴቭ። አንድ ጊዜ ምርጥ የምለውን አዘፋፈኔን እንዲህ ነው ያጣሁት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ድሬዳዋ ላይ ጣቢያው ግቢና ጥገናው ክፍል ገብቼ ድምፅ ልቅረጽ ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን «ፈቃድ አምጪ» ተባልኩ፣ ሁለተኛውን ቀን ፈቃድ የሚሰጠው ሰው አልነበረም፣ በሦስተኛው ቀን አባባ ራሳቸው ኮታቸውን ለብሰው አብረውኝ ሄዱ፤ በር ላይ የነበረው ሰው የሥራ ባልደረባቸው ልጅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሽማግሌውን ይዛችሁ ሂዱ። ሙቀቱ ጊታሩን በየአምስት ደቂቃው ስለሚያዛባው መቃኛውን ከእጃችሁ አትለዩት።

ቤተሰብ

ታሪክ ስትቆፍሩ ያልፈለጋችሁት ይወጣል። የእኔም ወጥቷል። አንድ ጣቢያ ላይ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ አባባ የሚያድሩበት ቤት ነበር፤ ዝርዝሩን ቤተሰቡ ያውቃል፣ አይናገርም። ከአክስቴ ጋር ሁለት ወር ተነታረክን። እኔ «እውነት ነው» እላለሁ፣ እሷ «እናቴ አልሞተችም እንዴ፣ ማን ይመልስላታል?» ትላለች። ማን ይመልስላታል የሚለው አሸነፈኝ። ታሪኩን ከአልበሙ አስወጣሁት፤ አንድ መስመር ላይ ግን ረከቦት ላይ ሁለት ሲኒ ተቀምጧል። የሚያውቅ ያውቀዋል። አክስቴ ሰምታዋለች፣ ምንም አላለችም፣ ያ ፈቃድ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

የሰውየውን ድምፅ በቀጥታ የምታስገቡ ከሆነ ፈቃዳቸውን በድምፅ ቅረጹ፤ «ይሄን ሰው ሁሉ ይሰማዋል፣ ይስማማሉ?» ብላችሁ። አባባ «ማን ሊሰማው ነው ደግሞ» ነው ያሉት፣ በኋላ ግን «እሺ» ብለዋል። ሕጉን በተመለከተ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ሥራችሁ ገና ስትፈጥሩት ጀምሮ የተጠበቀ ነው፣ የግድ መመዝገብ የለበትም፣ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ይሄው ሕግ ለሌላውም ይሠራል፤ የድሮ ካሴት ላይ ያለ ዘፈን ቆርጦ ማስገባት ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አይሆንም። ሬዲዮው ከጀርባ ሲዘፍን የቀረጻችሁት ቃለ መጠይቅ ካለም ያው ነው። ሁለት ጥሩ ቅጂ በዚህ ምክንያት ጥያለሁ። ቃለ መጠይቅ ስትጀምሩ ሬዲዮውን አጥፉ።

ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ማውጣት ቀላል ነው፣ ስለሱ ብዙ ሰው ጽፏል። አንድ ነገር ብቻ፦ ዘፈኖቹን ለየብቻ ስታወጡ እንኳ ሙሉው በአንድ ፋይል ሆኖ ይቀመጥ። የእኔ 34 ደቂቃ ነው። በተራው ያልሰማው ሰው ስለ ሲኒው አይገባውም።

ከማውጣታችሁ በፊት ግን መጀመሪያ ለራሳቸው አሰሟቸው። በጆሮ ማዳመጫ አይደለም፣ ሽማግሌ ያስጨንቃል፤ በትንሽ ስፒከር፣ የለመዱት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው። እኔ ማታ ነው ያሰማኋቸው። እጃቸውን አጣጥፈው ዓይናቸውን ሰዓታቸው ላይ ተክለው ሰሙ። ሻይ ቤቱ ሲመጣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱን ሲኒ ሲሰሙ ዞር ብለው አዩኝ፣ እኔም ስፒከሩን የማስተካክል መሰልኩ። ሲያልቅ እንባ ጠብቄ ነበር፣ ወይም ምርቃት።

«ሰዓቱ ልክ አይደለም» አሉኝ።

«የቱ?»

«ባቡሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ገባ ትያለሽ። አሥራ ሁለት የሚለው ወረቀቱ ነው። እኛ ጋ አንድም ቀን አሥራ ሁለት ገብቶ አያውቅም። አሥራ ሁለት ተኩል ነው።»

ማስተካከል አለብኝ፣ ግን ቀለሙ ይዛባ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ቆጠርኩት። «አሥራ ሁለት ሰዓት» ስድስት ነው። «አሥራ ሁለት ተኩል»ም ስድስት ነው። በማግሥቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስቼ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ያቺን አንድ መስመር ብቻ እንደገና ቀረጽኩ። ትንሽ ጉንፋን ነበረብኝ። በጥሩ ማዳመጫ ሰባተኛው ዘፈን ላይ ጆሮ ከሰጣችሁ «ተኩል» ስል ድምፄ ይለያል።